ያልወረደችው ጥንግ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልካችን ጮኸ። እማዬ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አባዬ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ዜና እሰማለሁ እያለ ያንኮራፋል። ስለዚህ ያነሳሁት እኔ ነኝ። በቤታችን ስልክ ለእኔ ተደውሎ አያውቅምና ሥራዬ አንስቶ ማቀበል ነው።

«ማን ልበል?»

«ደምሴ ነኝ፣ ከዙሪክ።»

«አባዬን ልቀስቅሰው፣ ጋሽ ደምሴ።»

«ተይው ይተኛ። የፈለግሁት አንቺን ነው።» ትንሽ አሳላቸው። «ወንዝ ማዶን ጥሪልኝ። በጽሑፍ ጥሪያቸው። ምላስሽን ሜዳ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ብዕርሽም አያንስም። ለመጪው ገና እኔ ራሴ እጫወታለሁ በያቸው።»

«መሐላዎትስ?»

«በሐኪም ትእዛዝ ነው የምጫወተው፣ ብለሽ ጻፊ» አሉና ዘጉት።

እኔ ጮህኩ። እማዬ ቢላዋውን እንደያዘች ከኩሽና ብቅ አለች፤ ዓይኗ በሽንኩርቱ እንባ ሞልቷል። «ወደቀ እንዴ?» አለች። በእኛ ቤት ስልክ ይዞ የሚጮህ ሰው ካለ የወደቀው ደርግ ነው ማለት ነው፤ ሌላ የምንጠብቀው ውድቀት የለንም።

«አልወደቀም፣ እማዬ። ጋሽ ደምሴ ተነሱ እንጂ።»

አባዬ ይህን ሲሰማ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። የሚያወራውን ዜናም በገዛ እጁ ዘጋው፤ አባዬን ለምታውቁት ይህ ራሱ ዜና ነው።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በዚህች በጄኔቭ ማኅበራችን መጽሔት ላይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ነገር ካስረዘምኩ ታገሱኝ፣ የአባቴ ልጅ ነኝ።

ጋሽ ደምሴ ማለት በዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን በሚባለው ሰፈር፣ ሁሉም መስኮቶቹ አንድ ዓይነት መጋረጃ ባላቸው አንድ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር የሚኖሩ፣ ዳሌያቸውን የሚያማቸው ጡረተኛ ናቸው። ስዊሶች የሚያውቁት ደምሴ ይኸው ነው። ጠዋት ዳቦ ይገዛሉ፣ ለጎረቤት «ግሩዕትሲ» ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ምርኩዛቸውን እየጠቀጠቁ ይመለሳሉ። አባዬ የሚያውቀው ደምሴ ግን ሌላ ፍጡር ነው።

የአባዬ ደምሴ አገር ቤት የዋርካ ሰፈር የገና ቡድን አለቃ ነበር። እዚህ ለተወለዳችሁ ልጆች ላስረዳ፤ ገና በዓሉ ነው፣ ገና ጨዋታው ነው፣ የሚጫወቱበት ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላም ገና ነው። ጥንግ የምትባለውን የቆዳ ኳስ በዚያ ዱላ እየመቱ ከባላጋራ መስመር ማሳለፍ ነው ጨዋታው። ሕጉ ጥቂት ነው፣ ቁስሉ ብዙ ነው። አባዬ የዋርካ ሰፈር ተከላካይ ስለነበር ቅልጥሙ ላይ እስከዛሬ ጉብታ አለው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሱሪውን ሰብስቦ ያሳያል።

አንድ ዓመት በገና ቀን ዋርካ ሰፈር ከወንዝ ማዶ ሰፈር ጋር ለዋንጫ ተጋጠመ። ዋንጫ ስል እውነተኛ ዋንጫ እንዳይመስላችሁ፤ አሸናፊው የሚያገኘው ተሸናፊውን እስከ ጥምቀት ድረስ የመሳደብ መብት ነበር። እኩል እንደሆኑ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ጥንጓ ከጋሽ ደምሴ እግር ሥር ወደቀች። ከዚያ የሆነውን አባዬ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ቤተክርስቲያን እንደገባ ሰው። ጋሽ ደምሴ መቷት፤ ጥንጓ ተነሳች፤ የወንዝ ማዶን መስመር አለፈች፤ ሦስት የቆርቆሮ ጣሪያ አለፈች፤ ከዚያ ሰማዩ ውስጥ ገባች።

«ከዚያስ?» እላለሁ ሁልጊዜ፣ መልሱን እያወቅሁ።

«ከዚያማ እስከዛሬ አልወረደችም።»

አንዳንዱ ሰው የጠላ ጋን ውስጥ ገብታለች ይላል፣ አንዳንዱ ጭልፊት ጠልፏታል ይላል። ወንዝ ማዶዎች ደግሞ ጥንግ ካልተገኘች ግብ የለም ብለው እስከመጨረሻው ድረስ ሽንፈታቸውን አልተቀበሉም። አባዬ ይህን ሲያነሳ ደሙ ይፈላል። «መስመር ማለፏን ዓለም አይቷል። ጥንግ ይዘህ ና ማለት ምን ማለት ነው? ፀሐይ ጠለቀች ለማለት ፀሐይዋን አንጠልጥለህ ታመጣታለህ?»

እኔ በዚህ ታሪክ አድጌያለሁ። ባለፈው ዓመት ታዲያ የፈረንሳይኛ መምህራችን ስለምናደንቀው ሰው ጻፉ ስትለን ሌሎቹ ስለ ተራራ ወጪና ስለ ዘፋኝ ሲጽፉ እኔ ስለ ጋሽ ደምሴ ምት ጻፍኩ። ጥሩ ነጥብ አገኘሁ። ከሥሩ ግን በቀይ «በጣም ቆንጆ ተረት» ተብሎ ተጽፎበታል።

ተረት። ወረቀቱን ለአባዬ አላሳየሁትም። ተናደድኩ፤ ከንዴቴ በታች ግን አንዲት ትንሽ ነገር እንደ እሾህ ትወጋኝ ነበር። እውነት ግን ሦስት ጣሪያ? አባቴን አምነዋለሁ፤ አባዬ ግን የያዘውን ዓሣ ሲለካ ሁለት እጁ የማይበቃው ሰው ነው። ስለዚህ በልቤ አንድ ነገር ፈለግሁ፤ ጋሽ ደምሴ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ እያየሁ ጥንግ ቢመቱ። ከዚያ ወይ መምህሬ ልክ ናት፣ ወይ አባቴ።

ዕድሉ የመጣው ከማኅበራችን ስብሰባ ነው። ስብሰባችንን ታውቁታላችሁ፤ ወንበር በየት በኩል ይደርደር በሚለው ላይ እስከ ምሳ እንከራከራለን፣ አንዱ በዚያኛው ጎራ ነበርክ ሲል ሌላው ኮቱን አንስቶ ይወጣል። የገና በዓል አከባበር ላይ ሲደርሱ አባዬ ዝም ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣ «ለምን ገና አንጫወትም? ጄኔቭ ከዙሪክ» አለ። አገር ቤት ከነበረው ጠብ ጀምሮ ሰላምታ የማይለዋወጡ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ እጃቸውን አወጡ። በዚያ አዳራሽ በአንድ ድምፅ የጸደቀ ሐሳብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ችግሩ ዱላው ነው። ስዊዘርላንድ ቀጥ ያለ አገር ናት። ሐዲዱ ቀጥ ያለ፣ ሰልፉ ቀጥ ያለ፣ አጥሩ በገመድ የተለካ። ዛፎቹም ይህን አይተው ነው መሰል ቀጥ ብለው ያድጋሉ። አባዬ በየእሁዱ አንገቱን ሽቅብ ሰቅሎ ጫካ ለጫካ ዞረ፣ እኔም ተከትዬው። የቆለመመ ቅርንጫፍ የለም፤ ያለውም እንዳይቆረጥ ምልክት ተለጥፎበታል።

አንድ ቀን ውሻ የሚያናፍስ አንድ ሽማግሌ ቆመና ምን ዓይነት ወፍ እንደምንፈልግ ጠየቀን። አባዬ በዚያ እሱ ብቻ በሚናገረው ፈረንሳይኛ «ወፍ ሳይሆን ጎባጣ ክንድ ነው የምፈልገው» አለው። ሽማግሌው ግራ ተጋብቶ ምርኩዙን ተደገፈ። የአባዬ ዓይን ያን ጊዜ ከዛፉ ወረደ፤ ከሽማግሌው ኮፍያ ወረደ፤ ምርኩዙ ላይ አረፈና ቀረ። ጠንካራ እንጨት፣ ጫፉ ግማሽ ክብ ሆኖ የቆለመመ። ተገልብጦ ቢያዝ ገና ነው፣ ያውም ያማረ ገና። አባዬ በጾም መጨረሻ ክትፎ እንዳየ ሰው ትኩር ብሎ አየው። ሽማግሌው ምርኩዙን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ምርኩዝ እንደማያስፈልገው ሰው በፍጥነት ሄደ።

ለካስ አገሩ ሁሉ ገና ይዞ ነው የሚሄደው፤ እኛ ነን ገልብጠን ያላየነው።

ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ያገኘነውን ምርኩዝ ሁሉ ለቀምን። ሻጩ አባዬን ከላይ እስከታች አየውና «ሁሉም ለእርስዎ ነው?» አለው። አባዬም «ጓደኞች አሉኝ» አለ። ጥንጓን የሠራችው እማዬ ናት። ከአዲስ አበባ ስትወጣ ይዛው የመጣችውን ቡናማ የቆዳ ቦርሳ ከቁም ሣጥን አወጣች፣ ትንሽ ዳሰሰችው፣ ከዚያ በመቀስ ገባችበት። «ዚፑ ከተበላሸ ቆይቷል» አለች፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃት። ጨርቅ ጠቅጥቃ፣ በሰም ክር ሰፍታ፣ የብርቱካን መጠን ያላት ድንቡሽ ያለች ጥንግ አደረገቻት።

የዙሪኮችን ድርሻ ምርኩዝ ይዘን ወደ ዙሪክ ሄድን። «ባላጋራህን ዱላ ነስተህ አትገጥምም» አለ አባዬ። እኔ ግን የምሄደው ለጋሽ ደምሴ ነበር። ባቡር ላይ አባዬ ምርኩዞቹን በገመድ ጠርንፎ እንደ ሙዝ ዘለላ አቅፏቸው ተቀመጠ። ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ። ትኬታችንን አየ፣ ምርኩዞቹን አየ፣ እኛን አየ፣ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ።

«ሌሎቹ የት አሉ?» አለ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ።

«የትኞቹ ሌሎች?»

«ሕመምተኞቹ።»

አባዬ ትንሽ አሰበ። «ጄኔቭ ናቸው። እየሮጡ ነው።»

ተቆጣጣሪው ኮፍያውን ነካ አደረገ። ሙሉ አክብሮት ነበረው። ስንወርድም ምርኩዞቹን በር ድረስ ተሸክሞ አደረሰልን፣ ለሯጮቹም ብርታትን ተመኘ።

ጋሽ ደምሴ ቤት ስንደርስ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። እኔ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። እጃቸው ትልቅ ነው። ሌላው ሰውነታቸው እንደ ኮት የሰፋባቸው ይመስላል፤ እጃቸው ብቻ ልካቸው ነው። አባዬ ምርኩዞቹን ፈትቶ ምንጣፉ ላይ ዘረጋቸው፣ ቆልማማ ጫፋቸውን ወደ ጋሽ ደምሴ አዙሮ።

ጋሽ ደምሴ አዩዋቸው። ከዚያ ሁለቱን እጃቸውን ከጀርባቸው አደረጉ።

«አስካለ፣ አንሺልኝ ከፊቴ።»

«ጋሼ፣ አንዲት ምት ብቻ» አለ አባዬ።

«የእኔ ገና የት እንዳለ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«የት ነው?»

«ዋርካው ላይ።»

«እንግዲያውስ ምን ትጠይቀኛለህ?»

ያን ቀን ነው ነገሩን የሰማሁት። አብዮቱ ከመጣ በኋላ የሰፈራቸው የገና ሜዳ የቀበሌ መሰብሰቢያና የሰልፍ መለማመጃ ሆነ። ጋሽ ደምሴ አገር ጥለው ሊወጡ ሲሉ ገናቸውን ይዘው ሜዳው ዳር ወዳለው ዋርካ ሄዱ፤ ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። ተመልሼ ይህን ሳላወርድ ሌላ ገና አልጨብጥም ብለው በቅዱስ ገብርኤል ማሉ።

«እስካሁን እዚያው ይኖራል?» አልኩ እኔ። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«ዋርካው ካለ አለ» አሉ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው። ከመስኮቱ ማዶ የቆመው ሌላ የኪራይ ሕንፃ ነው።

እትዬ አስካለ እኔን ወደ ኩሽና ጠሩኝ፣ ሳህን አቀብዪኝ ብለው። ሳህን አልፈለጉም። «እኔ የማዝነው ለዳሌው አይደለም» አሉኝ። «ዳሌውንስ ሐኪሙ ይዞታል። ከዚያ ወንበር የማይነሳው ሌላ ነገር ነው። አባትሽን በዪው፣ በዳኝነት ይጥሩት። ዳኛ ዱላ አይጨብጥም፣ ከሜዳ ግን አይርቅም። ሌላውን ለእኔ ተዉት።»

በዳኝነት ጠራናቸው። እሺ አሉ። እኔ ግን በባቡሩ መስኮት ሐይቁን እያየሁ ስመለስ አኮረፍኩ። ዳኛ ሆነው ቢመጡ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ዓይኔ የፈለገው ምቱን ነው።

የገና ሰሞን እሁድ ደረሰ። ሜዳው እኛ ከምንኖርባቸው፣ ጄኔቭ ዳር ካሉት የሜራን ሕንፃዎች ጀርባ ያለው ሣር ነው። ሌሊቱን በረዶ ጥሎበት ሣሩ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በአንድ በኩል የመኪና ማቆሚያ ግድግዳ አለ፣ ያ የዙሪክ መስመር ሆነ። በዚያኛው ወገን ረጃጅም ዛፎች ተሰልፈዋል፣ ከዛፎቹ ጀርባ አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ መንገድ፣ ከመንገዱ ጀርባ አባዬ ሻንጣ የሚጭንበት አውሮፕላን ማረፊያ። ዛፎቹ የእኛ የጄኔቮች መስመር ሆኑ።

ትልልቅ ሰዎች ሲጫወቱ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ክራቫት አስሮ መጥቷል። አንዱ መነጽሩን በላስቲክ ጠፍሮታል። ገና ሳይሯሯጡ እንደ ባቡር እንፋሎት መልቀቅ ጀመሩ። ጋሽ ደምሴ መስመሩ ዳር የኩሽና ወንበር ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ ከኋላቸው ቆመዋል።

ጨዋታው ሲጀመር ስድቡም ተጀመረ። የገና ጨዋታ ያለ ስድብ ወጥ ያለ ጨው ነው፤ የዚያን ቀን ጌታና ሎሌ፣ ሽማግሌና ልጅ የለም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። የጄኔቭን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። እማዬ «ሴት ልጅ በገና ሜዳ ትሳደባለች?» ብላ ነበር፤ አባዬ ሌላ የሚገጥም ሰው ስላጣ «ስድብ ሴት ወንድ የለውም» ብሎ አስፈቀደልኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ዙሪኮች ላይ ለቀቅሁት፦

ባንክ ቤት ማጽዳት ለምዶባቸው፣
ጥንጓን አስቀመጧት ወለድ ልትወልድላቸው።

የእኛ ሰዎች ሳቁ። ዙሪኮች ግን ዝም አይሉም። ባለ ክራቫቱ ሰውዬ ምርኩዙን ወደ ሰማይ ሰቅሎ መለሰ፦

የጄኔቭ ሰዎች ስብሰባ ወዳጅ፣
ግብ ሲገባባቸው አጀንዳ አዘጋጅ።

ይህን ማለቱ ሳያንስ ወዲያው ግብ አገባብን። እኛም መለስን። እኩል ሆንን።

በዚህ መሃል የሕንፃችን ጠባቂ ማዳም ሮዝ መጣች። እሁድ ቀን ምንጣፍ ያራገፈ ሰው ላይ ማስጠንቀቂያ የምትለጥፍ ሴት ናት። ምርኩዝ ገልብጠው የሚፋለሙ ጎልማሶች ስታይ መጀመሪያ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ቀጥሎ ወገቧ ላይ።

«ሙስዩ፣ ዛሬ እሁድ ነው» አለችው አባዬን።

«አውቃለሁ፣ ማዳም። የበዓል ሥርዓት ነው።»

«ታዲያ ለምን ይሰዳደባሉ?»

«እሱም ከሥርዓቱ ነው።»

አላመነችም። ክንዷን አጣጥፋ፣ አንድ ነገር ቢሰበር ልትመዘግብ፣ እዚያው ቆመች።

ብርሃኑ እየደከመ መጣ። የቀጣዩ ግብ ባለቤት ያሸንፍ ተባለ። አንዱ የእኛ ሰው ጥንጓን ሳታት፤ ሌላው በስህተት ነካት፤ ጥንጓ በበረዶው ላይ ተንከባላ ተንከባላ ሄዳ የጋሽ ደምሴ ጫማ ጋ ቆመች።

ዳኛው በእግሩ ይመልሳታል ብለን ጠበቅን። ጋሽ ደምሴ አልመለሷትም። ቁልቁል አዩዋት። እንደዚያ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የነበረውን እኔ ልገልጸው አልችልም፤ ዘመድ መንገድ ላይ አግኝቶ አውቆት አላውቀውም እንዳለ ሰው ዓይነት ነበር።

ያን ጊዜ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተከፈተ። ግጥሙን የጻፍኩት ከዙሪክ ስንመለስ፣ አኩርፌ፣ ለማንም አላነበውም ብዬ ነው። ተጠራቅሞ የኖረውን የአንቱታ ጓዝ ሁሉ ጥዬ፣ አባቴ እየሰማ፣ አልኳቸው፦

ደምሴ ደምሴ ስትባል ሰምቼ፣
ምርኩዝ ይዘህ ተቀምጠህ አገኘሁህ መጥቼ፤
ሦስት ጣሪያ አለፈ ሲሉኝ ያንተ ምት፣
ወሬህ ነው ያለፈው፣ አንተስ ቀረህ እቤት።

ባለ ክራቫቱ ሰውዬ ምርኩዙ ከእጁ ወደቀ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ የስዊስ መሬት ግን በበረዶ ጠንክራለች።

«የማን ልጅ ናት ይህቺ?» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ከጥንጓ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

«የእኔ ናት፣ ጋሼ። ይቅርታ አድርግላት» አለ አባዬ።

«ለምኑ? ዛሬ ምንድን ነው?»

«ገና።»

«እንግዲህ አልቆጣም። ግን ተሰድቤ መልስ አለመስጠትም ነውር ነው። እንዳልመልስ ደግሞ ምያለሁ።»

እትዬ አስካለ ጎንበስ አሉ። የተናገሩት ቀስ ብለው ነው፣ ሁላችንም ግን ሰማን።

«ደምሴ፣ ገናህ የት ነው?»

«ዋርካው ላይ።»

«ይሄ በእጅህ የያዝከውስ ምንድን ነው?»

«ምርኩዝ ነዋ።»

«ማን ሰጠህ?»

«ሐኪሙ።»

«እንግዲህ ቅዱስ ገብርኤል ከሐኪምህ ጋር ጠብ ያለው አይመስለኝም።»

ጋሽ ደምሴ ቀና ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ብርድ ልብሱ ወደቀ። ተነሡ። ምርኩዛቸውን ለመምታት ከመሬት ቢያነሱት መደገፊያ አይኖራቸውም፤ እትዬ አስካለ ይህን አውቀው በግራ በኩል ተጠጉና ትከሻቸውን ሰጧቸው። አንድ እጅ በሚስት ትከሻ፣ አንድ እጅ በምርኩዝ። ምርኩዙን በጣታቸው ገለበጡት። የገለበጡበት መንገድ ብቻ፣ አንባቢዎቼ፣ የእኛ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲያደርጉት የዋሉት ነገር ምን እንደነበር አሳየኝ። እነሱ ምርኩዝ ይዘው ነበር። በእሳቸው እጅ ነው ገና የሆነው።

ከዚያ መቷት።

ድምፁን ነው መጀመሪያ የማስታውሰው። ጠንካራ አልነበረም፤ ሞልቶ የሚዘጋ በር ዓይነት ነበር። ጥንጓ ከመሬት አልተላቀቀችም፤ ከመሬት ተለቀቀች። በእኛ ተከላካዮች ራስ ላይ አለፈች፣ ተከላካዮቹም ሊከላከሉ ሳይሆን ሊያዩ ዞሩ። በዛፎቹ ወገብ ላይ ወጣች፣ በጫፋቸው ላይ ወጣች፣ ቡናማ ነበረች፣ ከዚያ ጥቁር ነጥብ ሆነች፣ ከዚያ ምሽቱን የሚያበራው ቀይ ሰማይ ውስጥ ገባች። ሁላችንም አንገታችንን ሰቅለን ጠበቅናት። የወደቀ ነገር ድምፅ ጠበቅን። አንድ አውሮፕላን አለፈ። ከዚያም ዝም።

በሰፈራችን አጠገብ፣ ከመሬት በታች፣ ዓይን የማያያቸውን ነገሮች እያስወነጨፉ የሚያጋጩ ትልልቅ የፊዚክስ ምሁራን አሉ ይባላል። ያን ቀን መስኮታቸውን ከፍተው ቢሆን ኖሮ ድካማቸው ይቀልላቸው ነበር።

ማልቀሴን ያወቅሁት ጉንጬ ሲቀዘቅዝ ነው። አባዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «አየሽ?» አለኝ፣ በዚያ ቤተክርስቲያን በገባ ሰው ድምፅ። «አየሁ» አልኩት።

ጸጥታውን የሰበረችው ማዳም ሮዝ ናት። ክንዷ ተፈትቶ ጎኗ ላይ ተንጠልጥሏል። «አንኮር» አለች፣ ቲያትር ቤት ይደገም እንደሚሉት፣ በጣም በቀስታ። ጋሽ ደምሴ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው እየተቀመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐኪሙ ያዘዘላቸው አንድ ጊዜ ነው።

ዙሪኮች ያን ጊዜ ነቁና ጨፈሩ። ግብ ነው፣ አሸነፍን አሉ። አሁን የምነግራችሁን ስጽፍ አባዬ ከኋላዬ ቆሞ እንዳትጽፊው እያለኝ ነው፤ ግን ወግ ውሸት አይወድም። አባዬ፣ የዋርካ ሰፈር ተከላካይ፣ ያ ለስንት ዓመት ደሙ የፈላው አባዬ፣ የጄኔቭ ተከላካይ መሆኑ ትዝ አለውና እጁን አንስቶ ወደ ሜዳው መሃል ገባ።

«ቆይ» አለ። «ጥንጓ የታለች? ጥንግ ካልተገኘች ግብ የለም።»

ጋሽ ደምሴ አዩት። ከዚያ ከሆዳቸው ውስጥ ሳቅ ጀመራቸው፤ ዳሌያቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ፣ እትዬ አስካለ ትከሻቸውን እስኪደግፉ ሳቁ።

«አንተም ወንዝ ማዶ ሆንክ» አሉት።

አባዬ ጎንበስ አለ። ቅልጥሙን አሻሸ። «ለካ ከዚህኛው ወገን ሲቆሙ…» አለና አልጨረሰውም።

ጥንጓን ፈልገናታል። አጥሩ ሥር፣ ቦዩ ውስጥ፣ መንገዱ ዳር፣ በማዳም ሮዝ የእጅ መብራት ጭምር። የለችም። እማዬ ስለ ቦርሳዋ ታዝናለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስታይ ቆየችና «ቢያንስ እሷ ቪዛ አልተጠየቀችም» አለች። ሰኞ አባዬ ሥራ ሲገባ የጠፋ ዕቃ ክፍል ሄዶ ብርቱካን የምታህል ቡናማ የቆዳ ኳስ ደርሳችሁ እንደሆነ ብሎ ጠየቀ። በየትኛው በረራ እንደመጣች ቢጠይቁት «በደምሴ» አለ። ዝርዝራቸው ውስጥ አልነበረም።

ለመምህሬ አልነገርኳትም። ተረት ነው ብላ ብታምን መብቷ ነው። እኔ ግን አይቻለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም በቀይ ቀለም አይሰርዘውም።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ የመጣው ስልክ ትርጉሙ ይኸው ነው። ጋሽ ደምሴ ከዚያ እሁድ በኋላ መስኮቱን ትተዋል። እትዬ አስካለ እንደነገሩን ሽዋመንዲንገን ውስጥ ባለ አንድ መናፈሻ እየዞሩ ምርኩዛቸውን ያወዛውዛሉ፤ ውሻ የሚያናፍሱ ሽማግሌዎችም ቆመው ያዩዋቸዋል አሉ። በስልክም እንድጽፍላችሁ ያዘዙኝ ይህንን ነው፤ እኔም እንደተነገረኝ አደርሳለሁ።

ወንዝ ማዶዎች ሆይ፣ ሮም ያላችሁ፣ ካርቱም ያላችሁ፣ ስቶክሆልም በረዶ ላይ ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ይቺ መጽሔት በሰው እጅ የምትደርሳችሁ፤ ለመጪው ገና ሰሞን እሁድ ሜራን ኑ። አውቶቡሱ በራችን ላይ ያወርዳችኋል። ማደሪያ እኛ ጋ አለ፣ እማዬ ፍራሽ ከየቤቱ ለምናለች። ዱላ አትሸከሙ፣ ምርኩዝ በየመጠኑ አለን። ስድብ ግን ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የእኔ ተዘጋጅቷል። የማይጫወትም ይምጣ፣ ማዳም ሮዝ ወንበር አወጣለሁ ብላለች።

ጋሽ ደምሴ በመጨረሻ ያሉት ደግሞ ይህ ነው፦ «ያቺ የያኔዋ ጥንግ እስከዛሬ አልወረደችም። እውነታችሁን ነው፣ ስላልተገኘች ግብ አልቆጥራትም። እኩል ነን። ኑና እንጨርሰው።»